«ስንተኛው ዙር ላይ ነን?»

«አንተ የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ ንገረኝ፤ ይህን በሽታ ይዞ የሮጠ ሰው ታውቃለህ?»

ጥያቄው የታላቅ እህቴ ነው። የጠየቀችኝ ሦስተኛውን ዙር ኪሞቴራፒ በወሰደች በአምስተኛው ቀን ነበር። ሶፋው ላይ ጋቢ ተከናንባ፣ ራሷን በሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ያሳያል፤ የሚያየው ግን የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የማን ቋንጃ እንደተሸማቀቀ፣ የማን ጉልበት በስንት ወሩ እንደዳነ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ መልስ አጣሁ። «ይኖራል እንጂ፣ አይጠፋም» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። አስተማሪ ናትና ሳያጠና የመጣ ተማሪ አይጠፋትም።

ስለ እሷ ትንሽ ልበላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት የስፖርት መምህርት ናት። በወጣትነቷ መረብ ኳስ ተጫውታለች። በታላቁ ሩጫ ተማሪዎቿን ይዛ ያልወጣችበት ዓመት ቢቆጠር ጥቂት ነው። ጡቷ ውስጥ የነበረውን እብጠት ያገኘችው ራሷ ናት፤ ገላዋን ስትታጠብ። አላመማትም። ስላላመማትም ሦስት ወር ዝም አለችው። (ይህችን ነገር እንድጽፋት ያዘዘችኝ እሷው ናት። «የማያመውንም እብጠት ቶሎ ታዩት በልልኝ» ብላ።) ከዚያ ምርመራ፣ ናሙና፣ ቀዶ ሕክምና። ግራ ጡቷና በብብቷ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ወጡ። ቁስሉ ሲደርቅ ሐኪሟ ስምንት ዙር ኪሞ አዘዘላት፤ በየ21 ቀኑ አንድ።

ዙር የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በስታዲየሙም በሆስፒታሉም የምንጠራው በአንድ ስም ነው። እህቴ ይህን ለመያዝ ደቂቃ አልፈጀባትም። «ሦስት ሺህ መሰናክል ሰባት ዙር ተኩል ነው አይደል? ለእኔ ግማሽ ዙር መርቀው ስምንት አደረጉልኝ» አለች፤ ገና የመጀመሪያውን ሳትወስድ። «ውሃውም አለበት» ብላም ሳቀች። ውሃው ምን እንደሆነ የገባኝ አብሬያት የሄድኩ ቀን ነው። ለካ ክንዷ ላይ ተሰክቶ ለሰዓታት ጠብ ጠብ የሚለው ነገር ኖሯል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች በቀዩ መድኃኒት ናቸው። ሐኪሞቹ ዶክሶሩቢሲን ይሉታል፣ ታማሚዎቹ ግን «ቀዩ» ነው የሚሉት። ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ሽንትን ሳይቀር ቀይ ያደርጋል፤ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከዚያ ትንሽ ይተውና ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የደም ነጭ ሕዋሷ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ጉንፋን የያዘው ሰው ቤት አይገባም፣ ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ አትክልት ገበታ ላይ አይቀርብም። በሦስተኛው ሳምንት ሰው ትመስላለች፣ ትበላለች፣ ትቀልዳለች። እና ልክ ሰው ስትመስል ቀጣዩ ቀጠሮ ይደርሳል። ፀጉሯ የሄደው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ትራሷ ላይ ተሰብስቦ አየችው፤ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው እናታችን ናት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እህቴ ከሁለተኛው ዙር በኋላ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ «ወጣ ብዬ ልራመድ» አለች። ቤቱ ተነሳ። «እንዴት ተደርጎ!» አሉ እናታችን። አክስታችን «ደምሽ አልቆ የት ልትደርሺ ነው?» አሉ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ የተቆረጠ ክንድ (እንዲህ ነው ያሉት፤ ክንዷ ግን አልተቆረጠም) ከተንቀሳቀሰ ያብጣል ብለው ማሉ። እኔስ? እኔማ የስፖርት ጫማዋን አንስቼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። የግራ እጇን ወደ ላይ መዘርጋት ስለሚያማት እንደማትደርስበት አውቃለሁ። ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል፤ ያኔ ግን የወንድም ወግ ያደረስኩ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄውን የጠየቀችኝ በዚህ መሀል ነው። እኔም የቤት ሥራዬን መሥራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘኋት ጃማይካዊቷን የ400 ሜትር ሯጭ ኖቭሊን ዊሊያምስ ሚልስን ነው። የለንደን ኦሊምፒክ ሊጀመር የሳምንታት ዕድሜ ሲቀረው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነገራት። ዕድሜዋ 30 ነበር። ምን አደረገች? ለንደን ሄደች። ለብዙዎቹ የቡድን ጓደኞቿ ሳትናገር በ400 ሜትር ፍፃሜ ገብታ አምስተኛ ወጣች፣ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብልም ከአገሯ ልጆች ጋር የነሐስ ሜዳሊያ አጠለቀች። (የሩሲያ ቡድን በኋላ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሲሰረዝ ነሐሱ ወደ ብር ከፍ ብሏል።) ከዚያ ወደ ቀዶ ሕክምና ገባች። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ ነው፤ ሁለቱም ጡቶቿ ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ደግሞ ተመልሳ የጃማይካ ሻምፒዮን ሆነች። በ2014 የዳይመንድ ሊግ የ400 ሜትር አጠቃላይ አሸናፊነቱን ወሰደች።

የእሷን ታሪክ ሳነብ አንድ ቀን ላይ ስደርስ ቆምኩ። ነሐሴ 30 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.፣ ቤጂንግ፣ የዓለም ሻምፒዮና መዝጊያ። ያንን ቀን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ አለ? ጠዋት ማሬ ዲባባ ማራቶኑን ወሰደች። ማታ በ5000 ሜትር አልማዝ አያና፣ ሰንበሬ ተፈሪና ገንዘቤ ዲባባ ተከታትለው ገብተው ሦስቱንም ሜዳሊያ ጠራርገው ያዙ። እኔም ቢሮ ተቀምጬ ስለ እነሱ ስጽፍ አመሸሁ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም ላይ የሴቶች 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ሲካሄድ ቀና ብዬ ያየሁ አይመስለኝም። ለጃማይካ የመጨረሻውን ዱላ የተቀበለችው ኖቭሊን ነበረች። ከፊቷ አሜሪካዊቷ ፍራንሴና ማኮሮሪ አለች። ልዩነቱ የሚደረስበት አይመስልም ነበር። መጨረሻው ቀጥታ ላይ ግን ኖቭሊን ሜትር በሜትር ቀረበቻት፤ መስመሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው አለፈቻት። ጃማይካ 3:19.13፣ አሜሪካ 3:19.44። ከሦስት ዓመት በፊት ካንሰር አለብሽ የተባለችው የ33 ዓመት ሴት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ቪዲዮውን በስልኬ ይዤ ሮጬ ሄድኩ። እህቴ ሁለት ጊዜ አየችው። ሁለተኛውን ስታይ «ሂጂ! ሂጂ! ያዢያት!» እያለች ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ድምጿ ወጣ። ደስ አለኝ። ቪዲዮው ሲያልቅ ግን ስልኬን መለሰችልኝና «ኪሞ ወስዳለች?» አለች።

«የእሷ ታሪክ ሲነገር የሚነሳው ቀዶ ሕክምናው ነው» አልኳት።

«አየህ። እሷ ኦሊምፒያን ናት። እኔ ከመኝታ ቤት ሳሎን ስመጣ ግድግዳ የምይዝ ሴት ነኝ። እኔን የምትመስል አምጣልኝ።»

ታማሚን በጀግና ታሪክ ማበረታታት ልማዳችን ነው፤ የእኛ ገጽ ደግሞ ይህን ሲያደርግ ነው የኖረው። እህቴ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጉድለቱን አሳየችኝ። የወርቅ ሜዳሊያ ታሪክ ደስ ያሰኛል፤ ሳሎን ለመድረስ ግድግዳ ለሚይዝ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ «አንቺ ለምን አልቻልሽም?» የሚል ወቀሳ ይሆንበታል። ስለዚህ እሷን የምትመስል ሴት ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት 24 ሴቶችን ነው።

ነገሩ የሆነው በካናዳ፣ ቫንኩቨር ከተማ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ.። በዚያን ጊዜ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት በዚያ በኩል ባለው ክንዷ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ እንዳታደርግ በሐኪም ትታዘዝ ነበር። ምክንያቱ ሊምፍዴማ የሚባለው የክንድ እብጠት ነው። የብብት ንፍፊቶች ሲወጡ የሰውነት ፈሳሽ መመለሻው ስለሚጎድል ክንድ ሊያብጥ ይችላል። እብጠቱ የእውነት አለ፤ ጎረቤታችን የማሉት ከየትም አምጥተው አይደለም። ጥያቄው እንቅስቃሴ ያመጣዋል ወይ የሚለው ነው።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሕክምና ሐኪም የሆኑት ዶክተር ዶን ማኬንዚ ይህን ትእዛዝ ተጠራጠሩት። ለመፈተንም የመረጡት ስፖርት ቀላል አልነበረም፤ ድራጎን ጀልባ ነው። ድራጎን ጀልባ ከቻይና የመጣ ረጅም ቀጭን ጀልባ ነው። ሃያ ቀዛፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ከፊት አንድ ሰው ከበሮ ይመታል፣ ከኋላ አንዱ ይመራል። ከወገብ በላይ ያለው ሰውነት ነው የሚሠራው፤ ክንድ፣ ትከሻ፣ ጀርባ። ማለትም ለእነዚህ ሴቶች የተከለከለው ነገር በሙሉ በአንድ ጀልባ ላይ ተጭኗል። ዶክተሩ በጡት ካንሰር ሕክምና ያለፉ 24 ሴቶች ሰበሰቡ። ከ30ዎቹ መጀመሪያ እስከ 60ዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ብዙዎቹ ስፖርተኛ ያልነበሩ ናቸው። መጀመሪያ ጂም አስገብተው ቀስ በቀስ አጠናከሯቸው፣ ከዚያ ውሃው ላይ አወጧቸው። ክንዳቸው በየጊዜው ይለካል። በዚያው ዓመት በከተማው የጀልባ ፌስቲቫል ላይ ከጤነኛ ቡድኖች ጋር ተወዳደሩ።

ውጤቱ ምን ሆነ? አዲስ እብጠት የያዛት አንድም ሴት አልተገኘችም። ሴቶቹ ደግሞ ጥናቱ አልቋል ሲባሉ ከጀልባው አንወርድም አሉ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዙ አገሮች አሉ፤ በየጥቂት ዓመቱም ዓለም አቀፍ ውድድር ያካሂዳሉ። በ2018 ፍሎረንስ ጣሊያን ላይ፣ በ2023 ኒውዚላንድ ላይ ተሰብስበዋል። ስፖርቱ የራሱ ሥርዓትም አለው። በውድድሩ ማብቂያ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ቀዛፊዎቹ ሮዝ አበባ ያነሳሉ፣ ከመካከላቸው ስለተለዩት አስበው ውሃው ላይ ይጥሉታል። ሁሉም እንዳልዳነ አይደብቁም። አስበውት ሲያበቁ ግን መቅዘፊያቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ይህን ስነግራት እህቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። «እነዚህ ግን ኪሞውን የጨረሱ ናቸው» አለች። (ይህች ሴት ዳኛ መሆን ነበረባት።)

ለዚህም መልስ ነበረኝ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ኪሞ የሚጀምሩ 242 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን በሦስት ከፈለ። አንደኛው ወገን እንደወትሮው ይታከማል፣ ሁለተኛው ይራመዳል ወይም ብስክሌት ይመታል፣ ሦስተኛው ክብደት ያነሳል። ይህ ሁሉ በኪሞው መሀል ነው። የተራመዱት የትንፋሽ አቅማቸውን አላስነኩም። ክብደት ያነሱት ጉልበት ጨመሩ፤ ከዚያም በላይ የታዘዘላቸውን የኪሞ መጠን ሳያጓድሉ በመውሰድ ካልተንቀሳቀሱት በልጠው ተገኙ። የሁለቱም ወገኖች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ተሻሻለ። ሁሉ ነገር ተአምር አልሆነም፤ የድካም ስሜቱ ላይ ጥናቱ ትልቅ ልዩነት አላገኘም። በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ክንዳቸው አስቀድሞ ያበጠ 141 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተጠንተው፣ በአሠልጣኝ እየታገዙ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልባሰም። እንዲያውም ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ካላነሱት ያነሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለካንሰር ታማሚዎች ያወጣው ምክር ሥራ ፈትቶ መቀመጥን አስወግዱ የሚል ነው።

እህቴ ምንም አላለችም። ጣቷን ወደ ቁም ሳጥኑ አናት ቀሰረች። ጫማውን አወረድኩ።

ይሁንና ወዲያው አልወጣንም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ጋዜጣ አይቶ ታማሚውን ወደ ሜዳ እንዳይጎትት ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ሐኪሟን ጠየቅን። ሐኪሟ ፈገግ ብላ «እኔ መቼ ከለከልኳት?» አለች። ለካ የከለከልነው እኛው ነን። ከዚያ ልኩን ነገረችን። ትኩሳት ካለ እርምጃ የለም፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል እንጂ «እስኪነጋ» አይባልም። የደም ምርመራው ዝቅ ካለ፣ ካዞራት፣ ደረቷን ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት ትተኛለች። በሽታው ወደ አጥንት የሄደበት ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ ክብደት አያነሳም። ሰው በሚበዛበት ጂም ፋንታ አየር ያለበት ሜዳ ይሻላል። ልኩም መንገድ ላይ ማውራት መቻሏ ነው። ማውራት ካቃታት ፈጥናለች ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ቤቷ ሜዳ ሄድን፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተማሪ በሌለበት። ያቺ በፊሽካ ስድሳ ልጅ የምታሰልፍ ሴት ግማሽ ዙር ሄዳ ጎሉ ብረት ላይ ተደገፈች። እኔም አፌን ከፈትኩ። «አይዞሽ! ትችያለሽ! በርቺ! አንቺ እኮ ጀግና ነሽ!»

«እባክህ ዝም ብለህ ከጎኔ ሂድ» አለችኝ።

ያኔ ነው ደራርቱ ትዝ ያለችኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ማራቶን። ደራርቱ ቱሉ 37 ዓመቷ ነው፤ ብዙዎች ጊዜዋ አልፏል ብለዋት ነበር። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቷ እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ከመሪዎቹ ስትጎተት፣ ደራርቱ ወደ ኋላ ዘወር ብላ አብረን እንሂድ፣ እንችላለን እያለች እንዳበረታታቻት በሰፊው ተዘግቧል። ፓውላ አልቻለችም፤ አራተኛ ገባች። ደራርቱ አሸነፈች። እኛ ጋዜጠኞች ያን ጊዜ የጻፍነው ስለ ደግነቷ ነው፤ ልክ ነን። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ደራርቱ ያንን ያለችው ከመንገዱ ዳር ቆማ አይደለም። እሷም ያንኑ ኪሎ ሜትር እየሮጠች፣ እሷም እየደከማት ነው። ከዳር ሆኖ የሚጮህ ሰው ርቀቱ አይገባውም። በአትሌቲክስ አሯሯጭ የምንለው ሰው ዋጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ሩጫውን አይሮጥልህም፣ ከፊትህ ያለውን ነፋስ ግን ይቀበልልሃል።

ነፋስ መቀበል ምን እንደሆነ እህቴን ጠየቅኋት፤ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ። አሰበችና ዘረዘረች። አንዷ ባልደረባዋ በየ21 ቀኑ፣ ሳትጠየቅ፣ የኪሞው ዕለት ልጆቿን ከትምህርት ቤት ታመጣለች። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪልኝ» አላለችም፤ የታመመ ሰው ለመደወል አቅም የለውም። እናታችን የሥጋ ሽታ እንደሚያስመልሳት ሲያውቁ ቅልጥሙን ትተው ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትና እርጎ ማቅረብ ጀመሩ። ተማሪዎቿ የክፍሎች የእግር ኳስ ውድድርን ውጤት በየሳምንቱ ጽፈው ይልኩላታል፤ ስለ በሽታው አንድ ቃል የለበትም። «የሚያስደስተኝ እሱ ነው፤ አሁንም ቢጫ ካርድ ማን እንዳየ ይነግሩኛል» አለች። የከፋው ደግሞ? ሊጠይቋት መጥተው በካንሰር ስለሞተች ዘመዳቸው የሚተርኩ። «ኪሞው ነው የሚገድለው፣ ተይው» የሚሉ። ጸበሉንም ጸሎቱንም አልተወችም፣ ቀጠሮዋንም አልዘለለችም። ሁለቱን ማጣላት የሚፈልገው ጠያቂ እንጂ ታማሚዋ አይደለችም። ከሁሉ በላይ የሚያናድዳት «ምንም አትሆኚም» የሚለው ነው። «ከየት አውቀው ነው? ሐኪሟ እንኳ እንዲህ አትልም።»

ልክ ናት፤ ስለዚህም አንድ ሌላ ሰው ሳልጠቅስ ብቀር ማታለል ይሆንብኛል። ኬይ ያው የምትባል አሜሪካዊት የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነበረች። በ1987 እ.ኤ.አ. የጡት ካንሰር ተገኘባት፤ በሚቀጥለው ዓመት በሴኡል ኦሊምፒክ የአገሯን ሴቶች ቡድን ለወርቅ አበቃች። በሽታው ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። በ2006 እና 2007 የውድድር ዘመን ለሕክምና 16 ጨዋታ ቀርታ፣ ኪሞ እየወሰደች ወደ አግዳሚው ወንበር ተመለሰች። በጥር 2009 በ66 ዓመቷ ዐረፈች። ከመጀመሪያው ምርመራዋ ሃያ አንድ ዓመት በላይ ኖራለች፤ ብዙውንም ያሳለፈችው በሜዳው ዳር ነው። ይህንን ለእህቴ ልንገራት አልንገራት ብዬ ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ነገርኳት። «ሃያ አንድ ዓመት?» አለችና በጣቷ ቆጠረች። «ትንሿ ልጄ ሠላሳ ይሞላታል።» ፊቷ ላይ ያየሁትን በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም።

በአገራችን የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል፤ ወረፋው ግን ያው ወረፋ ነው። ከክፍለ አገር መጥተው በየ21 ቀኑ አውቶቡስ የሚሳፈሩትን ሴቶች ሳይ የእህቴ ዙር ከጥሩው መም ላይ እንደሆነ ይገባኛል። በአውቶቡስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር መጥታ፣ ማደሪያ ፈልጋ፣ ደሟ ዝቅ ስላለ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ለምትባል ሴት ሜዳ ዙሪ ማለት ቀልድ ነው። ለእሷ አሯሯጭ ማለት አልጋ የሚሰጣት ዘመድ ነው፣ የመሳፈሪያ ነው፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያይ ጎረቤት ነው። ለዚህ የሚረዱ ማኅበራት አሉ፤ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን የመሰሉ። የስፖርት ክለቦቻችን በዓመት አንድ ቀን ሮዝ ማሊያ ለብሰው ፎቶ ከሚነሱ የአንዷን ታማሚ የስምንት ዙር መሳፈሪያ ቢችሉ ምን ነበረበት? ሐሳብ ነው።

እህቴ አሁን ስድስተኛውን ጨርሳለች። ከአምስተኛው ጀምሮ ቀዩ አልቆ መድኃኒቱ ተቀይሯል፤ ፓክሊታክሴል ይባላል። ማቅለሽለሹ ቀነሰላት። በምትኩ የእግሯና የእጇ ጣቶች ጫፍ ይደነዝዛሉ፣ እንደ መርፌ ይወጋጋሉ። ሐኪሟ ስለዚህ ወጣ ገባ መንገድ ተዪ፣ ጫማሽ እግር የሚይዝ ይሁን ብላታለች። ከአምስተኛው በኋላ ሦስት ዙር ሄዳለች። ከስድስተኛው በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች፤ አንድም አልሄደችም። እኔም ምንም አላልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሄደች።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጫማዋን አድርጋለች፣ ማሰሪያው ግን መሬት ይጎተታል። የደነዘዘ ጣት ክር አይቋጥርም። እንድትጠይቀኝ አልጠበቅሁም፤ ተንበረከክሁ። በልጅነቴ የእኔን ጫማ የምታስረው እሷ ነበረች፤ በደረቁ ታስረውና «እንዳትወድቅ» ብላ ራሴን ትመታኝ ነበር።

«ጠበቅ አድርገው» አለችኝ ከላይ። ጠበቅ አደረግሁት። ሜዳው ላይ የመጀመሪያውን ጨረስን፣ ሁለተኛውን ጨረስን። እያወራች ነው፤ ስለ አንድ አስቸጋሪ ተማሪ። የጎሉ ብረት ጋ ስንደርስ እንደ ልማዷ ትደገፋለች ብዬ ቀስ አልኩ። አለፈችው።

«ስንተኛው ዙር ላይ ነን?» አለች።

«የሜዳውን ነው የሆስፒታሉን?»

«ሁለቱንም ንገረኝ።»